የአውራ ጣቴ ምስክርነት

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩን የያዘችው የልጄ ልጅ ናኦሚ ናት፤ ቃሉ የእኔ የጥዑመልሳን ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ በእሷ፣ ነገሩ ቢከብድ በእኔ ፍረጂ።

ለእህቴ ልጅ ለሰርካዲስ፦ አንቺም ልጆችሽም እንደምን ሰነበታችሁ። የእንዶድ በሯ ማርያም ጥላዋን ታጥላባችሁ። እኔ ጉልበቴ ደረጃ እምቢ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ልጄ ግራንድ ፕሬሪ መጋዘን ውሎ ይመጣል፤ ናኦሚ ከኮሌጅ ስትመለስ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። እናንተ ጋ ስልክ ከተቆረጠ ወዲህ ወሬያችሁን የማገኘው በሰው እጅ ብቻ ሆነ። ደብዳቤሽን ፍቃዱ፣ ዋይሊ የሚኖረው ሾፌር፣ አገር ቤት ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ ይዞልኝ መጣ።

ጸጋ ሰባት ዓመት ሳይሞላት መውደቅ ጀመረች አልሽኝ። ዓይኗ ይገለበጣል፣ አረፋ ትደፍቃለች፣ ስትነቃ የሆነውን አታውቅም አልሽ። ከቤተሰቡ በዕድሜ ትልቁ የቀረሁት እኔ ነኝና «በዘራችን እንዲህ ያለ ነገር ነበረ ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ትልቋን ልጅሽን ዜማን ያጨው ልጅ ቤተሰቦችም ይህንኑ እየጠየቁ ነው፣ በሽማግሌ ፊት የሚነበብ ቃል ላክልኝ አልሽ።

ስሚኝ። በእኛ ዘር የሚጥል በሽታ የለም። አልነበረምም። ታናሽ ወንድሜ ስምዖን የሞተው በዓይን ነው። ደጃፍ ተቀምጦ ቆሎ ሲቆረጥም ሸክላ ሠሪዋ፣ የዓለምጌጥ እናት፣ ማሰሮ ተሸክማ ስታልፍ ቀና ብላ አየችው። የዚያን ዕለት ወደቀ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው። አሁን ልጇ ዓለምጌጥ በዚያው ቤት ተቀምጣ ሸክላ ትሠራለች፣ ጸጋም ውሃ ስትቀዳ በደጇ ታልፋለች ካልሽኝ፣ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ? የእናቷ ዓይን ለእሷ ተርፏል። ይህን ጥዑመልሳን አለ በያቸው።

ናኦሚ እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጣ «አባባ፣ ይሄ ሴትዮዋ ላይ ፕሮብሌም አያመጣም?» አለችኝ። የታዘዝሽውን ጻፊ አልኳት።

ማንበብ ባልችልም ጣት አለኝ። ናኦሚ የማኅተም ቀለም ከቤተ ክርስቲያናችን ጽሕፈት ቤት ተውሳ አምጥታለች። ቀኝ አውራ ጣቴን ከታች አትሜያለሁ። የጥዑመልሳን ቃል እንደሆነ የሚጠራጠር ካለ ይህን ይይ።

እንዶድ በር
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ጥዑመልሳን፦

እንደ ምድር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስዎት። ናኦሚንም እጇ ይባረክ በሉልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ጸጋ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ አንዴ ምድጃ አጠገብ ስለነበረች ክንዷን እሳት ነካት። ዳነላት።

ደብዳቤዎ ከማኅበር በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተነበበ። አንዴ አልበቃቸውም፣ ሦስት ጊዜ አስነበቡት። ጣትዎን ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ ወደ ብርሃን ከፍ እያደረጉ አዩት። አንዱ ሽማግሌ «ከአሜሪካ ድረስ ጣቱን የላከ ሰው አይዋሽም» አሉ። የዜማ አማቾችም «በዘራቸው የለም ማለት ነው» ብለው ፊታቸው ተፈታ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ 26 ይሁን ተባለ።

ዓለምጌጥን ከምንጩ ከልክለዋታል። ገበያ ያወጣችውን ጋንና ማሰሮ ጎረምሶች በድንጋይ ሰባበሩት፤ አንድም ሰው ተዉ አላለም። እኔም አላልኩም። እሷ የተሰበረውን ስትለቅም ቆማ አላለቀሰችም፤ ያለቀሰች እንደሆነ ይሻለኝ ነበር።

ሽማግሌዎቹ አሁን ሌላ ወረቀት ይፈልጋሉ። ስምዖን የሞተበትን ዓመት፣ ማን ማን እንደነበረ፣ ሴትዮዋ ስታየው እርስዎ በዓይንዎ ማየትዎን እንዲያስጽፉ አሉ፤ ዓለምጌጥን ከአገር ለማስወጣት እንዲያመቻቸው። ጣትዎ እንዳይረሳ። ስልኩ ቢመለስ እንኳ ፎቶ ተነስቶ የሚመጣውን አይቀበሉም።

ጤናዎን ይስጥልኝ። የእህትዎ ልጅ ሰርካዲስ።

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰርካዲስ፦ ሰላም ለቤትሽ ይሁን። የጸጋን ክንድ ማርያም ትዳብሰው። አሁንም የምትጽፈው ናኦሚ ናት፤ ሦስት ቀን ተኳርፈን ዛሬ ነው የታረቅነው።

ሁለተኛውን ወረቀት አልልክም። ለምን እንደሆነ የምነግርሽ ነገር ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

ናኦሚ የታሪክ ፈተና አለባት። መጽሐፏ እንደ ጡብ የወፈረ ነው። «አባባ፣ ለእርስዎ በአማርኛ ካስረዳሁ ለእኔም ይገባኛል» እያለች ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ታወራልኛለች። እኔም ሌላ ሥራ የለኝም፣ እሰማለሁ። ነገሩ የዛሬ አራት መቶ ዓመት አውሮፓ ውስጥ የሆነ ነው።

አንዱ ሁለት መስታወት በቱቦ ሰክቶ ወደ ጨረቃ አነጣጠረ። እንደ እንቁላል ለስላሳ ናት ሲሏት የኖረችው ጨረቃ ተራራና ገደል ያለባት ሆና አገኛት። ሌላው ሐኪም ደግሞ ልብ የምትገፋውን ደም አሰላና፣ ይህን ያህል ደም ከምግብ ብቻ ሊመጣ አይችልም፣ ያው ደም ነው እየዞረ የሚመለሰው አለ። ሌላው ክፍሉን አሙቆ ተቀመጠና የማውቀውን ሁሉ ልጠራጠር አለ።

«ሥራ የለውም እንዴ ሰውየው?» አልኳት።

«ሥራው እሱ ነው አባባ፤ ማለቴ፣ ማሰብ።»

«እንግዲያው እኔም ሥራ አለኝ ለአባትሽ ንገሪው» ብያት ሳቅን።

ሳቁ ግን አልቆየም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር፣ አሮጊት ያቃጥሉ ነበር። ልጅ ሲታመም፣ ላም ስትነጥፍ፣ በረዶ እህል ሲመታ አንዲት ደጋፊ የሌላት ሴት ትያዛለች፤ አስማት አደረገች ይባላል። መንደርተኛው ብቻ እንዳይመስልሽ። ዳኛውም የተማረ፣ ቄሱም የተማረ ነው። ማተሚያ ሲመጣማ የአስማተኛ ማደኛው መጽሐፍም አብሮ ተባዛ። በአርባ ሺህ በሃምሳ ሺህ የሚቆጠር ሰው አልቋል አለችኝ፤ አብዛኛው ሴት።

እስፔን አገር ደግሞ አንድ የቤተ ክርስቲያን ዳኛ ነበር። ከጓደኞቹ ጋር ችሎት ተቀምጦ ስድስት ሰው በእሳት ሲፈረድ አብሮ የነበረ ነው። ኋላ ግን ውስጡ አላርፍ አለውና ተነስቶ በየመንደሩ ዞረ። ስምንት ወር ያህል። ከሺህ በላይ ሰው አንድ በአንድ ጠየቀ፦ ማን አየ? የት? አንተ ራስህ አየህ ወይስ ሰምተህ ነው? የአስማት ቅባት ነው የተባለውን ለእንስሳ ሰጥቶ ሞከረው፤ እንስሳው ምንም አልሆነ። በመጨረሻ ለአለቆቹ የላከው ቃል፣ በዚያ አገር ወሬውና ጽሕፈቱ እስኪመጣ ድረስ አስማተኛም በአስማት የተያዘም አልነበረም የሚል ነው።

«ጽሕፈቱ» ስትል ናኦሚ ቀና ብላ አየችኝ።

ከዚያ ስለ ስምዖን ሁለት ጥያቄ ጠየቀችኝ። መልሱን እዚህ አላስጽፍም። ምን አገባሽ ብዬ ጮህኩባት፤ ሦስት ቀን የሠራችውን ምግብ አልበላሁም። ጥዑመልሳንን በሰማንያ አንድ ዓመቱ ሕፃን ልጅ ችሎት ታቆመዋለች? አልኩ። እሷ ግን መጽሐፏን ዘግታ ሄዳ ክፍሏ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት። እጄ የጻፈው ነው፣ እጄ የጻፈው ነው ትላለች።

ዛሬ የወሩ መጀመሪያ ረቡዕ ነው። እኩለ ቀን ላይ የአውሎ ነፋሱን ሳይረን ለሙከራ ያስጮሁታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፣ ደንግጬ አላውቅም። ዛሬ ሻዬ ከእጄ ወደቀ።

ስለዚህ እንዲህ በያቸው፦ ዓለምጌጥን አትንኳት። ምንጩን ክፈቱላት። ጥዑመልሳን የሚጨምረው ቃል እስኪመጣ ማንም እጁን አያንሳ። አንቺም ሰርካዲስ፣ ጸጋ ከመውደቋ በፊት ዓለምጌጥ ያየቻት ቀን ትዝ ይልሻል? ወይስ ሰው ነው የነገረሽ? ይህን ብቻ መልሺልኝ።

የማኅተሙ ቀለም ስለተመለሰ ጣት የለበትም። ቃሌ ይበቃል።

እንዶድ በር
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ጥዑመልሳን፦ እንደምን አሉ። የእግዚአብሔር ቸርነት አይለይዎት።

መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ደብዳቤዎ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። ለሽማግሌዎቹ ወሰድኩላቸው። ገለበጡት፣ ፈለጉ፣ ጣት የለበትም። «ይህ የልጅቷ ነው እንጂ የእሱ አይደለም። እዚያ ያደገ ልጅ በምንም አያምንም» ብለው መለሱልኝ። የመጀመሪያውን ግን በላስቲክ ጠቅልለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጠውታል።

ደብዳቤዎ ከመድረሱ በፊት የዓለምጌጥን ቤት አቃጥለውታል። እሷ እንጨት ለቀማ ሄዳ ነበር። አሁን በማርያም ደጀ ሰላም ተጠግታ ነው ያለችው፤ ቄሱ እስከ ሚያዝያ 23 ማንም አይነካትም ብለው ገዝተዋል። የዚያን ዕለት ጊዮርጊስ ሲነግሥ ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ይቆርጣሉ። ከአገር ትውጣ የሚሉ አሉ። ጎረምሶቹ ግን «ወጥታስ የሌላ ሰው ልጅ ልትበላ ነው?» እያሉ ነው። ሌላም ይላሉ፤ አልጽፈውም።

ጋሼ፣ አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ከእንግዲህ ምንም አይጻፉ።

የጠየቁኝን ልመልስልዎት። ያየኋት ቀን የለም። ሰው ነው የነገረኝ፤ ከተነገረኝም በኋላ ያየሁ መሰለኝ።

ሌላም አለ። እናቴ ልትሞት ሰሞን ስምዖን ገና በአንቀልባ ሳለ ይጥለው እንደነበር ነግራኛለች። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። አውቄ ነው የጠየቅሁዎት። እርስዎ «በዘራችን የለም» እንደሚሉ አውቅ ነበር፤ እርስዎ ካሉት ደግሞ የሚጠራጠር እንደሌለ አውቅ ነበር። ሴትዮዋን ይጠራሉ ብዬ ግን አላሰብኩም። ይህን በስምዎ በማርያም እምላለሁ።

አሁን እውነቱ ቢወጣ የዜማ ሠርግ ይቀራል። ማን ያገባታል? ጸጋንስ ነገ ማን ይወስዳታል? ዝም ይበሉልኝ።

ትናንት በደጀ ሰላሙ ሳልፍ ዓለምጌጥ በስሜ ጠራችኝ። ሸሽቼ ልሄድ ነበር። «ልጅሽ ተሻላት?» ነው ያለችኝ።

ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ቅደዱት።

ሌክ ሃይላንድስ፣ ዳላስ
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምትጽፈው ናኦሚ ናት፤ አባቷም አጠገቧ ቆሞ እያየ ነው፣ ልጅቷ ከራሷ ጻፈች እንዳይባል። ይህ ደብዳቤ ለሰርካዲስ አይደለም። ለእንዶድ በር ማርያም ቄስና ለሽማግሌዎቹ ነው። ሰው በተሰበሰበበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ።

ጤና ይስጥልኝ አባቶቼ። እግዚአብሔር ዕድሜና ማስተዋል ይስጣችሁ።

እኔ ጥዑመልሳን በኅዳር ወር ጣቴን አትሜ የላክሁት ቃል ውሸት ነው።

ታናሽ ወንድሜ ስምዖን ለመጀመሪያ ጊዜ የወደቀው በእናቴ ጀርባ ላይ፣ በአንቀልባ ውስጥ ሳለ ነው። እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ስትጮህ አንቀልባውን የፈታሁት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ አንዳንዴም በየሳምንቱ ይጥለው ነበር። እንግዳ ሲመጣ ጎታ ቤት እንዘጋበት ነበር። የዓለምጌጥ እናት በደጃችን ስታልፍ ስምዖን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሴትዮዋ ወደ እንዶድ በር የመጣችው እሱ ስምንት ዓመት ሆኖት፣ የድርቁ ጊዜ ነው፤ ሽማግሌዎች ታስታውሳላችሁ። ከመምጣቷ በፊት ስምንት ዓመት ሙሉ ወድቋል። ማን በላው?

ቀና ብላ አየችው ማለቴ እውነት ነው። ያየችው ግን «ይህ ልጅ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አግቡት» ብላ ነው። አባቴ ነው ኋላ ነገሩን ያዞረው፤ እህቶቼ እንዲዳሩ። እኔም አፌን ዘጋሁ፤ ከተዘጋም ሰባ ዓመት ቀረበው። ሲደጋገም ለእኔም እውነት ሆነ።

የልጄ ልጅ በጥር ወር የጠየቀችኝ ሁለቱ ጥያቄዎች እነዚህ ነበሩ፦ «ስምዖን መጀመሪያ የወደቁት መቼ ነው? ሴትዮዋ ያየቻቸውስ?» ሌላ ጥበብ የለውም። አንዱ ከሌላው ይቀድማል፣ በቃ። ያን ያህል ቀላል ጥያቄ እኔን የሚያህል ሰው በሦስት ቀን ኩርፊያ አልመለሰውም።

በፈረንጅ አገርም እንዲሁ ነበር። ዳኛ «ሰዎች አሉ» የሚለው አልበቃኝም፣ ያየ ይምጣ ማለት ሲጀምር ነው እሳቱ የቀዘቀዘው። ሐኪም በሽተኛውን ማየት፣ ዳኛ ምስክሩን መመርመር ጀመረ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ሕጉ ተሻረ። ናኦሚን «ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳት። «ቀስ በቀስ ነው አባባ፣ ሰው ሐሳቡን ቶሎ አይቀይርም» አለችኝ። ለዓለምጌጥ አሥራ አምስት ቀን ነው የቀራት። ስለዚህ ፈራሁ። ወታደር ሳለሁ በጦር ሜዳ ቆሜ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። ወረቀቱ ሳይደርስ እንዳይቀር፣ መንገዱ እንዳይዘጋ፣ ደርሶም እንዳታምኑት እፈራለሁ።

ጣት የሌለበትን አንቀበልም ብላችኋል። እዚህ ላይ የአሥሩንም ጣቶቼን አትሜያለሁ። ጥፋተኛ የምትፈልጉ ከሆነ ጥዑመልሳንን ጥሩ። ለተቃጠለው ቤት የሚበቃውን ፍቃዱ ለቄሱ ያስረክባል፤ አትከራከሩኝ።

ለዜማ አማቾችም ይነበብ። ይህ በሽታ በዘራችን አለ። እዚህ አንድ ሐኪም ጠይቀናል፤ በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ብዙ ሰው ይቆጣጠረዋል ብሎናል። ጸጋ ትልቁ ሆስፒታል ትወሰድ፤ ከዚህ በኋላ ማንም ጎታ ቤት እንዳይዘጋባት።

አሁን ለሰርካዲስ። ደብዳቤሽን አልቀደድኩም፤ አልለምንሽምም። ዝም በል ያልሽኝ ለልጆችሽ ነው፤ አባቴም ዝም ያለው ለልጆቹ ነበር። ዜማ ብትረግመኝ ይገባኛል። አንቺ ግን ይህ እስኪነበብ ከቄሱ ጎን ቁሚ፣ ከዓለምጌጥም ጎን። ለጠየቀችሽ መልሺላት።

ፍቃዱ ከታች ክላክስ እያደረገ ነው፤ አውሮፕላኑ አያመልጠውም፣ ይጠብቅ። ናኦሚ፣ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ድምፅሽን አውጪ። ለእኔ አፍረሽ የዘለልሽው ካለ በጆሮዬ አውቀዋለሁ። አንቀልባውን የፈታሁበት ጋ ስትደርሺ ሁለቴ አንብቢው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም።